በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ለእርሻና ለጤና የሚሰጡት ጥቅም

የሐይቅና የአምባሰል ገበሬዎች ሆይ! ባዮቴክኖሎጂ የሚለውን ቃል ስትሰሙ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ። ትርጉሙ ሕያዋን ነገሮችን ለሰው ጥቅም ማሠራት ነው። እናቶቻችን በእርሾ ሊጥ ሲያቦኩና ወተት ሲያረጉ ይህንኑ ይሠራሉ። ልዩነቱ፣ ዛሬ ሊቃውንት የትኛው ሕያው ምን እንደሚሠራ መርምረው፣ መርጠውና አራብተው ማሠራታቸው ነው።

አስቀድሞ የከብት ነገር ይነሣ። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋራ የገባው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ስላልቻለ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። (ይህን የመሰለ መዓት ደስታ ብሎ መጥራት የአገራችን ሰው ክፉን ነገር በስሙ ላለመጥራት ያደረገው ይመስላል።)

ዋልተር ፕሎራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ ሆኖ የበሽታውን ቫይረስ ከጥጃ ኩላሊት በተወሰደ ሕዋስ ላይ ደጋግሞ እያራባ አደከመው። የደከመው ቫይረስ ለከብቱ ሲሰጥ በሽታ ሳያመጣበት ሰውነቱ መከላከልን ይማራል። ነገር ግን ክትባቱ በብርድ ካልተያዘ ስለሚበላሽ፣ መንገድና መብራት ወደሌለበት ቆላ ማድረስ አስቸጋሪ ነበር። በኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራ፤ ከወሎ በምሥራቅ ባለው በአፋርም ለዚሁ የሠለጠኑ አርብቶ አደሮች ራሳቸው ከብቱን ከተቡ። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ ታወጀ።

ሆኖም በግና ፍየልን የሚፈጀው ዘመዱ፣ ደስታ መሰል የሚባለው በሽታ፣ ገና አልጠፋም። ምልክቱ ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ሳልና ተቅማጥ ነው። ክትባቱ በትክክል ከተሰጠ አንድ ጊዜ መውጋት ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይጠብቃል። «በጌ ከተከተበ በኋላ ሞተ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ በሽታው አስቀድሞ የገባበት በግ ቢከተብም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የጎረቤት በግ ማሳል እስኪጀምር አትጠብቁ። የልማት ሠራተኞችም ክትባቱን ከቀዝቃዛው ዕቃ አውጥታችሁ በፀሐይ አታቆዩት፤ በሙቀት የተበላሸ ክትባት ውኃ ከመውጋት አይለይም፣ ገበሬውም ዳግመኛ አያምናችሁም።

በሰው ሕክምናም እንዲሁ ነው። የስኳር በሽተኛ የሚወጋው ኢንሱሊን ቀድሞ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሊቃውንት የሰውን ኢንሱሊን የሚያሠራውን ዘረመል ወደ ባክቴሪያ አስገብተው ባክቴሪያው እንዲያመርተው አደረጉ፤ መድኃኒቱም ከ1982 ጀምሮ ለሽያጭ ቀረበ። ስለ አሳማው ነገር የሚጨነቅ ታማሚ ካለ ይህን ንገሩት።

አሁን ወደ ደጋው የባቄላ ማሳ እንመለስ። በባቄላ ሥር ላይ የሚታዩት ጥቃቅን እባጮች በሽታ አይደሉም። በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይመግባሉ፤ ተክሉም በፈንታው ስኳር ይሰጣቸዋል። በመሬታችሁ ብርቱዎቹ ከሌሉ ሕያው ማዳበሪያ በሚባለው ጥቁር ዱቄት ይገባሉ፤ ለአንድ ሄክታር ዘር 500 ግራም ይበቃል። ዘሩን በጥላ ሥር ጥቂት ስኳር በተበጠበጠበት ውኃ አርጥቡ፣ ዱቄቱን ነስንሳችሁ ዘሩ ሁሉ እስኪጠቁር በእጅ አገላብጡ፣ በዚያው ቀን ዝሩና ወዲያው አፈር አልብሱ። ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ ፀረ ተባይ የተቀባ ዘርም እንዲሁ። የባቄላው ለምስርና ለአተርም ይሆናል፣ ለሽምብራ ግን አይሆንም፤ ሽምብራ የራሱን ይፈልጋል። ስትገዙ ስሙንና የሚያበቃበትን ቀን አስነብቡ።

የሰማችሁትን ከማመን በፊት መሞከር ከፈለጋችሁ፣ ከማሳችሁ ጥግ ጥቂት ትልም ያለ ዱቄቱ ዝሩ። ባቄላው ሲያብብ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ተክል በመቆፈሪያ ቀስ ብላችሁ ከነሥሩ አንሡ፤ አትንቀሉ፣ እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል። እባጩን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ እንደ ደም የቀላ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ላይ አይደለም።