ሴሉሎስን የሚፈቱ የአፈር ባክቴሪያዎች

በአዊ ዞን በጫግኒ ዙሪያ የበቆሎና የዳጉሳ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የሚቀረው አገዳና ጭድ ከፊሉ ለከብት መኖ፣ ከፊሉ ለማገዶ ሲውል፣ ማሳው ላይ የተረፈው በክረምቱ ዝናብ ርሶና በስብሶ ከአፈሩ ይቀላቀላል። ይህን ብስባሴ ከሚያካሂዱት ረቂቅ ተሕዋስያን መካከል ሴሉሎስን፣ ማለትም የዕፅዋት ሴል ግድግዳ የሚቆምበትን ቃጫ፣ የሚፈቱ ባክቴሪያዎች ይገኙበታል።

ሴሉሎስ በሺዎች የሚቆጠሩ የግሉኮስ ሞለኪውሎች የተያያዙበት ሰንሰለት ነው። እንጀራ ውስጥ ያለው ስታርችም ከዚያው ከግሉኮስ የተሠራ ቢሆንም፣ ሞለኪውሎቹ የተጋጠሙበት አኳኋን ስለሚለያይ የሰው ሆድ ስታርቹን ሲፈጭ ሴሉሎሱን እንዳለ ያሳልፈዋል። በዚያ ላይ የሴሉሎስ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ጥብቅ እሽግ ስለሚሆኑ፣ ሊግኒን የተባለው ጠንካራ ንጥረ ነገርም ዙሪያቸውን ስለሚለስናቸው፣ ውኃ እንኳ በቀላሉ አይዘልቃቸውም።

ባክቴሪያው ይህን ቃጫ መዋጥ ስለማይችል ኢንዛይሞችን፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖችን፣ ወደ ውጭ ያመነጫል። አንዱ ኢንዛይም ሰንሰለቱን ከመሀል ይቆርጣል፤ ሌላው ከተቆረጠው ጫፍ ተነሥቶ ሴሎባዮስ የተባለውን ጥንድ ስኳር እየለቀመ ያወጣል፤ ሦስተኛው ጥንዱን ከፍሎ ግሉኮስ ያደርገዋል። ሴሉሎሞናስና ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ኢንዛይሞቻቸውን በየፊናቸው ሲለቁ፣ ኦክስጅን በሌለበት ሙቀት የሚኖረው ክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም ግን አብዛኞቹን ሴሉሎሶም በተባለ አንድ መዋቅር ላይ አቀናጅቶ ከቃጫው ጋር ያጣብቃቸዋል።

ብዙው የአዊ ደጋ አፈር አሲዳማ በመሆኑና በእንዲህ ያለው አፈር ሻጋታ በባክቴሪያ ላይ ስለሚያይል፣ እነዚህን ባክቴሪያዎች የሚፈልግ ተመራማሪ ከማሳው ይልቅ የፍግና የኮምፖስት ክምርን ቢያስቀድም ይሻለዋል። መለያው ዘዴ ቀላል ነው፤ ናሙናው የሚሟሟ ሴሉሎስ በተቀላቀለበት፣ ሳህን ላይ በረጋ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄል) ላይ ተዘርቶ ከበቀለ በኋላ ኮንጎ ሬድ የተባለ ቀይ ቀለም ይፈስበትና በጨው ውኃ ይታጠባል። ቀለሙ ያልተቆረጠ ሴሉሎስን የሙጥኝ ስለሚል ሳህኑ ቀይ እንደሆነ ይቀራል፤ ሴሉሎስን በሚፈታው ባክቴሪያ ዙሪያ ብቻ ፈዛዛ ቢጫ ክብ ይታያል።

ስኳሩ ከተገኘ ወዲያ ያለው መንገድ ጠላ ጠማቂ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ እርሾ ግሉኮሱን ወደ ኢታኖል ይለውጠዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ስትጀምር፣ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖሉን ያመርት የነበረው ከሞላሰስ ነው፤ ሞላሰስ ስኳር ከወጣለት በኋላ የሚቀር፣ ገና ስኳር ያለበት ዝልግልግ ተረፈ ምርት በመሆኑ ቃጫ መፍታት አያስፈልገውም። ከበቆሎ አገዳ ማምረት ግን ሊግኒኑን በሙቀትና በኬሚካል ማላቀቅንና ብዙ ኢንዛይም መግዛትን ስለሚጠይቅ ዋጋው ይከብዳል፤ ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካዋ አይዋ ግዛት የከፈተውን ከበቆሎ አገዳ ኢታኖል የሚያወጣ ግዙፍ ፋብሪካ ለመሸጥ የወሰነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር።

የጥሬ ዕቃው ጉዳይም እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። የጫግኒ ገበሬ የሚከምረው ጭድ የበጋ ቀለብ በመሆኑ ለፋብሪካ ቢሰጥ በሬው ይራባል። ከዚህ ይልቅ የሚያዋጣው በዚያው ዞን በጃዊ በኩል ካለው የጣና በለስ ሸንኮራ የሚወጣው ባጋስ፣ ማለትም ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባ ሲሆን፣ የስኳር ፋብሪካ ቦይለር የሚነደውም በዚሁ ባጋስ ስለሆነ ለባክቴሪያዎቹ የሚደርሳቸው ከእሳቱ የተረፈው ብቻ ነው።