ያውቁ ኖሯል? ደኅናውን እጅ ማሰርም ሕክምና ነው

ስትሮክ አንድ እጃቸውን ያደከመባቸውን ሰዎች ፊዚዮቴራፒስቶች አንዳንዴ የሚያክሙት ጤነኛውን እጅ ሥራ በማስፈታት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል?

ታካሚው በደኅናው እጁ ወፍራም ጓንት ያጠልቃል። ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ 90 በመቶውን አያወልቀውም። ስለዚህ ማንኪያ መያዙ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፉ፣ በር መክፈቱ ሁሉ በደካማው እጅ ላይ ይወድቃል። ትዕግሥት ይፈታተናል፤ አንዲት ቁልፍ ብቻ ደቂቃዎች ልትፈጅ ትችላለች።

የሐሳቡ መነሻ የአሜሪካዊው ተመራማሪ የኤድዋርድ ታውብ የጦጣ ሙከራ ነው። የስሜት ነርቩ የተቆረጠበትን ክንድ ጦጣዎቹ እርግፍ አድርገው ይተዉታል፤ ደኅናው ሲታሰርባቸው ግን መልሰው ይጠቀሙበታል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወራት የሆናቸውን 222 ሰዎች አካቶ ነበር። በዚህ መንገድ የታከሙት የእጅ እንቅስቃሴያቸው ከሌሎቹ በልጦ ተሻሽሏል፤ ለውጡም ከዓመት በኋላ አልጠፋም።

ጓንቱ ለሁሉም አይታዘዝም። ባለሙያው አስቀድሞ የደካማውን እጅ አንጓና ጣቶች ይለካል፤ ወደ ጥናቱ ለመግባት አንጓውን ቢያንስ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ማንሳት ግድ ነበር።