መጀመሪያ ፍሬኑ፣ መጨረሻ መብራቱ፦ አሮጌ ላንድ ክሩዘርን ለሩቅ መንገድ ማዘጋጀት

አሮጌ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ገዝቶ ለሩቅ ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣው በዓይን ከሚታየው ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ፖርቶ መጋላ ያሠራል፤ ቀጥሎ ረድፍ መብራት፣ የፊት ብረት መከላከያና ትልልቅ ጎማ ይገዛል። ፍሬኑ፣ ራዲያተሩና ኩሽኔታው ተራ የሚደርሳቸው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። አሮጌ መኪናን ሰው በሌለበት መንገድ አስተማማኝ የሚያደርገው በመጀመሪያ የማቆም አቅሙ፣ ቀጥሎ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ፣ ከዚያም የጭነቱ ልክ ነው። የቀረው ማሟያ ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ነገሩ ጉዞ ለሚወዱ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚህ ጊዜ አገር ውስጥ ያለውን ጠንካራ መኪና በአግባቡ አድሶ ማቆየት ለቤተሰብም፣ ለአስጎብኚም፣ ለተመራማሪም ቁም ነገር ሆኗል።

ለምን ይህ መኪና?

የላንድ ክሩዘር 70 ተከታታይ ምርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በአገራችን የእርዳታ ድርጅቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የጤና ተቋማት ለዓመታት ሲገለገሉበት ስለኖሩ ብዙዎቹ በጨረታ ወደ ግለሰብ እጅ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተገጠመለት ዋን ኤች ዜድ የሚባለው የናፍታ ሞተር 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው ነው። የናፍታ ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነ ጥገናው ኮምፒውተር አይጠይቅም። መለዋወጫው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ በየወረዳው ከተማም ሞተሩን የሚያውቅ ሜካኒክ አይጠፋም።

ከጥንካሬው እኩል ድክመቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ ቫልቮቹን የሚያዝበት የታይሚንግ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት። ቺንጋው እየሄደ ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ጥገናው ቴስታታ እስከማውረድ ይደርሳል። በጨረታ የተገዛ መኪና የቆጣሪው ቁጥር እምነት ስለማይጣልበት ቺንጋውን በመጀመሪያው ሳምንት መለወጥ ብልህነት ነው። ጉልበት ለመጨመር ተርቦ ማስገጠም ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ይህ ሞተር ተርቦ ለሚያመጣው ግፊትና ሙቀት አልተሠራም፤ ናፍታው በአግባቡ ካልተመጠነ ቴስታታው የመሰንጠቅ አደጋ አለበት።

ፍሬን፦ የቁልቁለት ሒሳብ

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይጥላል። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 41 ሜጋ ጁል ገደማ ነው፤ አንድ ሊትር ናፍታ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ይበልጣል። ይህ ጉልበት የግድ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ሾፌሩ በከፍተኛ ማርሽ ሆኖ ፍሬን እየረገጠ ከወረደ አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው በዲስኩ፣ በታምቡሩና በሸራው ላይ ነው። በባሌ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው የሳነቴ አምባ የሐረናን ጫካ አቋርጦ እስከ ዶሎ መና የሚዘልቀው መንገድ ከዚህም የባሰ ይወርዳል፤ ዶሎ መና ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሸራው አዲስ የሆነ መኪና እንኳ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስሶ መፍያው ከፍ ያለውን ዶት 4 መሙላት፣ በየሁለት ዓመቱም መለወጥ ይገባል። ያረጁ የጎማ ቱቦዎችንና የታምቡር ውስጥ ጋርኒሲዮኖችን አብሮ መቀየር ሥራውን የተሟላ ያደርገዋል።

ብዙ ጋራዥ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ከእነዚህ መኪኖች በብዙዎቹ የኋላ እግር ላይ የጭነቱን መጠን እየለካ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚወስን ቫልቭ ተገጥሟል። ቫልቩ ጭነቱን የሚለካው በሻንሲውና በእግሩ መካከል ባለው ርቀት ነው። መኪናው በወፍራም ባሌስትራ ከፍ ሲደረግ ይህ ርቀት ይሰፋል፤ ቫልቩም መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። መኪናው ተጭኖ ሳለ የማቆሙ ሥራ ከመጠን በላይ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል። ባሌስትራ ያስጨመረ ሰው የቫልቩን ዘንግ በአዲሱ ቁመት ልክ ማስተካከል ግዴታው ነው።

ሙቀት፦ ከዳሎል እስከ ሳነቴ

የኢትዮጵያ መንገድ መኪናን የሚፈትነው በሁለት ተቃራኒ ጫፎች ነው። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በዓለም እጅግ ሞቃት ከሚባሉ ቦታዎች አንዱ ነው። በሳነቴ አምባ ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍ ይላል፤ እስከ ጫፉም የመኪና መንገድ አለው። በ4,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 ከመቶ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከአየሩ ጋር ጉልበቱንም ያጣል፤ ፖምፓው ግን ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነውን ናፍታ መላኩን ከቀጠለ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሾፌሩ በዚህ ጊዜ ነዳጅ ከመጨመር ይልቅ ማርሽ ቀንሶ በዝግታ መውጣት አለበት። ያለ በቂ አየር የሚቃጠል ናፍታ ሙቀት ይጨምራል እንጂ ጉልበት አይሰጥም።

ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ፣ በ4,000 ሜትር ደግሞ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውስጡን በግፊት ይዞ ይህን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጋርኒሲዮን ካረጀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ጤነኛ ሞተርም ዳገት ላይ ይፈላል። ዋጋው ትንሽ የሆነ ክዳን ስንት ቴስታታ እንደሚያተርፍ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚለውጠው እሱን ነው።

መታረም ያለበት አንድ ልማድ አለ። መኪና ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዦች እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። ቴርሞስታት ሞተሩ ወደ ትክክለኛ ሙቀቱ ቶሎ እንዲደርስ፣ ከደረሰም በኋላ እዚያው እንዲቆይ ያደርጋል። በደጋ ብርድ ያለ እሱ የሚሄድ የናፍታ ሞተር ቀኑን ሙሉ ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ዘይቱ ይበላሻል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። የመሞቁ ምክንያት ሌላ ቦታ ነው፦ በተደፈነ ራዲያተር፣ በደከመ የቬንትሌተር ማያያዣ ወይም ለዓመታት ተራ ውሃ በመሞላቱ ዝጎ በጠበበ የውሃ መንገድ። ራዲያተሩን አስወርዶ ማስጠረግ፣ የውሃ ፖምፓውን ማየት፣ ከዚያም ዝገት የሚከላከል ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መሙላት ትክክለኛው ሥራ ነው።

ክብደት፦ የማይታየው ጠላት

አሁን ወደ ማሟያዎቹ እንምጣ። ፒክአፑ የተሠራው አንድ ቶን ገደማ እንዲጭን ነው። አንድ የተለመደ ጉዞ ምን ያህል እንደሚወስድ እንደምር። ሦስት ሰዎች 225 ኪሎ፣ 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ፣ 60 ሊትር ተጨማሪ ናፍታ 50 ኪሎ፣ ሁለት ስኮርታ ጎማ ከነቸርኬያቸው 70 ኪሎ፣ የፊት መከላከያና ዊንች 120 ኪሎ፣ የብረት ፖርቶ መጋላ 60 ኪሎ፣ የጣሪያ ድንኳን 60 ኪሎ፤ መሣሪያ፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ ምግብና ማብሰያ በአንድነት 150 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 795 ኪሎ ይደርሳል። በጭነት ቦታው ላይ 150 ኪሎ የሚመዝን የላሜራ ቤት ከተሠራ መኪናው ልኩ ጫፍ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ያ ልክ ደግሞ ኮረኮንች ላይ ቀኑን ሙሉ እየተንገጫገጩ ለመሄድ ትርፍ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ባሌስትራ አስጨምሮ ችግሩን የፈታ ይመስለዋል። ባሌስትራ መኪናውን ያነሣዋል እንጂ የሻንሲውን፣ የኩሽኔታውንና የፍሬኑን አቅም አይጨምርም። ይባስ ብሎ ባሌስትራው ሲደርቅ ይውጠው የነበረው ምት በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይተላለፋል፤ ስንጥቁም ባሌስትራው በሚታሰርበት አካባቢ ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ዕቃ መቀነስ ነው። ባሌስትራ የሚመረጠው ዕቃው ሁሉ ተጭኖ በሚዛን ከታየ በኋላ፣ ለዚያ ክብደት ልክ መሆን አለበት።

ክብደቱ የሚቀመጥበት ቦታም ከመጠኑ አይተናነስም። ውሃ፣ ናፍታና መሣሪያ ከታች፣ ከሁለቱ እግሮች መካከል ሲሆኑ መኪናው ጎን ለጎን ሲያዘነብል ይረጋጋል። ጣሪያ ላይ የሚወጣ እያንዳንዱ ኪሎ ግን መኪናውን ለመገልበጥ ያቀርበዋል። በጎን ተዳፋት በሆነ የሰሜን ተራሮች መንገድ ጄሪካን ሙሉ ናፍታ ጣሪያ ላይ መደርደር በሕይወት መቀለድ ነው።

ጎማና የፊት እግር

ለጎማ ምርጫ ዋናው መስፈርት የትም የሚገኝ መሆኑ ነው። 7.50 በ16 የሚባለው ልክ ከካላማዳሪ ጋር በብዙ የገጠር ከተሞች ይገኛል፤ ጎሚስታውም በእጁ ይፈታዋል። ሰፊ ጎማ መልክ ቢያሳምርም ለሞተሩ ይከብዳል፣ መሪውን ያደነድናል፣ ሩቅ ቦታ ላይ ሲቀደድም ምትኩ አይገኝም።

በአፋር አሸዋና በቱርሚ አቅራቢያ ባሉ ደረቅ የአሸዋ ወንዞች ላይ ከጎማው ስፋት ይልቅ የአየሩ ልክ ይወስናል። ከ40 ፒ ኤስ አይ ወደ 18 ሲወርድ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት በግርድፉ በእጥፍ ያድጋል፤ መኪናውም አሸዋውን ከመቆፈር ይልቅ በላዩ ይንሳፈፋል። አየር የቀነሰ ሰው ግን በዝግታ መንዳትና ጠንካራ መሬት ላይ ሲደርስ መልሶ መንፋት አለበት፤ አለዚያ ጎማው ከጎኑ ሞቆ ይፈነዳል። ስለዚህ ከባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያና የአየር መለኪያ ከዊንች በፊት የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው።

የፊት እግሩ የሚመረመረው ጎማውን ወደ ዳር አዙሮ ነው። ጎማው በሚዞርበት ክብ ብረት ላይ ዘይትና ቅባት ተቀላቅሎ ከፈሰሰ ጋርኒሲዮኑ አልቋል፤ ኩሽኔታውም አብሮ ይታይ። መሪው በተወሰነ ፍጥነት የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ከጎማ ሚዛን ቀጥሎ የሚጠረጠረው ይኸው ኩሽኔታ ነው። ወንዝ የሚሻገር ሰው ደግሞ የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ ማስረዘም ይገባዋል። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ውሃ ውስጥ ከሆነ ወይም ከተደፈነ ውሃ ወደ ዘይቱ ይሳባል። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ጥርሶቹ ሲጮኹ ነው።

የመጨረሻው ተራ

ፍሬኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ እግሩና ክብደቱ ከተስተካከሉ በኋላ ዊንች፣ መብራትና ድንኳን ቦታ ያገኛሉ። ከዚያ በፊት ግን መኪናው ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ በቅርብ መንገድ ይፈተን፤ አዲስ አበባ ላሉ የአባይ ሸለቆ ደርሶ መልስ ቁልቁለቱንም፣ ሙቀቱንም፣ ዳገቱንም በአንድ ቀን ይሰጣል። ሲመለሱ የእያንዳንዱን ጎማ መሐል ሙቀት እጅን ቀረብ አድርጎ ማነጻጸር፣ ቡሎኖችን ዳግመኛ ማጥበቅ፣ የፈሰሰ ዘይት መፈለግ ያስፈልጋል። ከሌሎቹ በተለየ የሚግል ጎማ የተጣበቀ ፍሬን ወይም ያለቀ ኩሽኔታ እንዳለ ይናገራል።

ከመኪናው ጋር ዕድሜ ያስቆጠሩ ሜካኒኮች በየከተማችን አሉ። ወደ እነሱ ሲሄዱ የሚያስገጥሙትን ዕቃ ዝርዝር ሳይሆን የሚሄዱበትን መንገድና የሚጭኑትን ክብደት ይንገሯቸው፤ ሥራውም ከፍሬኑ እንዲጀመር ይጠይቁ። ከእርስዎ ጋር የሚጓዙት ሰዎች ሕይወት ከማንኛውም መብራት ይቀድማልና።