ከስርዓተ ክወና እድሳት በኋላ ሞኒተር ለምን ይደበዝዛል? ከቀየት የተገኘ ትምህርት



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ የሚያስከትለው ወጪ ግን ትንሽ አይደለም። ኮምፒውተር ከቆየ ስርዓተ ክወና ወደ አዲስ ሲሻገር አንዳንድ ጊዜ የሞኒተሩ ምስል ይደበዝዛል፤ ፊደሉም ይወፍራል፣ ይለጠጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሞኒተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ መስሎኝ ስለ ነበር ንግግሬን በራሴ ስህተት እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በቀየት የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የቢሮውን ኮምፒውተር ከዊንዶውስ 7 ወደ ዊንዶውስ 10 አሻገረ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም ስላቋረጠ ውሳኔው ተገቢ ነበር። በማግስቱ የተማሪዎችን ውጤት የሚመዘግቡት መምህር ስልክ ደወሉልኝ። «ፊደሉ ሁሉ ተለጠጠብኝ፤ ‹ለ›ን ከ‹ሉ› ለመለየት ዓይኔን ስክሪኑ ላይ መለጠፍ ሊኖርብኝ ነው» አሉኝ። እኔም ማሽኑን ሳላይ «ሞኒተሩ አርጅቷል፤ ሌላ ይግዙ» ብዬ መለስሁላቸው። ትምህርት ቤቱ ለመጻሕፍት ከያዘው ገንዘብ ቀንሶ አዲስ ሞኒተር ከደብረ ብርሃን አስመጣ። አዲሱም እንደ አሮጌው ደበዘዘ። ወደ ቀየት የሄድሁት ያን ጊዜ ነው።

እንደ ደረስሁ መምህሩ አንድ የደብዳቤ ቅጽ ከፍተው አሳዩኝ። የትምህርት ቤቱ ክብ ማኅተም በስክሪኑ ላይ እንቁላል መስሏል። ደብዳቤውን ስናትመው ግን ማኅተሙ በወረቀቱ ላይ ክብ ሆኖ ወጣ። ይህች ትንሽ ሙከራ ነገሩን ገለጠችልን፦ ሰነዱ ደኅና ነው፤ ችግሩ ከኮምፒውተሩ ወደ ስክሪኑ በሚሄደው መንገድ ላይ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። የዛሬ ጠፍጣፋ ሞኒተር ፒክስል ከሚባሉ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ቁጥራቸውም በፋብሪካ የተወሰነ ነው። የቀየቱ ሞኒተር ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥቦች ነበሩት፤ ይህ በድምሩ 2,073,600 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ግን ይልክለት የነበረው 1024 በ768፣ ማለትም 786,432 ነጥቦችን ብቻ ነው፤ ከሙሉው ከመቶ 38 ያህሉ መሆኑ ነው። ሞኒተሩ ይህን ትንሽ ምስል ለጥጦ ሙሉውን ገጽ ሲሸፍንበት ምስሉ ይደበዝዛል። የሁለቱ ቅርጽም ስለማይመጣጠን ስፋቱ ከቁመቱ በሲሶ በልጦ ይለጠጣል። ማኅተሙ እንቁላል የመሰለው በዚህ ምክንያት ነው። በላቲን ፊደል ይህ ጉድለት ለዓይን ምቾት የሚነሣ ነገር ይሆናል፤ በእኛ ፊደል ግን የድምፁ ልዩነት በአንዲት ቅጥል ላይ ስለሚያርፍ የተማሪን ስም እስከ ማሳሳት ይደርሳል።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን አነስተኛውን ምስል ላከ? በስርዓተ ክወናውና በምስል ማውጫው ቺፕ መካከል ድራይቨር የሚባል አገናኝ ፕሮግራም አለ። ለዊንዶውስ 7 የተጻፈው ድራይቨር ለዊንዶውስ 10 ላይስማማ ይችላል። አዲሱ ስርዓት ትክክለኛውን ሲያጣ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በሚባል ጊዜያዊ ድራይቨር ይሠራል። ይህ ድራይቨር ስክሪኑ ጨርሶ እንዳይጨልም ያደርጋል እንጂ የቺፑን ሙሉ አቅም አይጠቀምም። ኢንተርኔት ባለበት ስፍራ ዊንዶውስ ትክክለኛውን ድራይቨር ብዙ ጊዜ ራሱ ፈልጎ ያወርዳል፤ ተጠቃሚውም ችግሩ መኖሩን ሳያውቅ ያልፋል። የቀየቱ ኮምፒውተር ግን ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም ነበርና በጊዜያዊው ድራይቨር ላይ ቀረ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ቢመረምር እመክራለሁ።

አንደኛ፣ በዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ የተመረጠውን ሬዞሉሽን በሞኒተሩ መመሪያ ከተጻፈው ጋር ያስተያይ። ትክክለኛው ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ ካለ እርሱን መምረጥ ይበቃል። ሲመርጥ ስክሪኑ ቢጨልም አይደንግጥ፤ ለውጡን ካላጸደቀ ዊንዶውስ በ15 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከዝርዝሩ ከጠፋ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍቶ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» ከሚለው ሥር ያለውን ስም ያንብብ። ያ ጊዜያዊ ድራይቨር ከተጻፈ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ኢንተርኔት ባለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ፣ ለቺፑም ለአዲሱ ስርዓትም የሚስማማውን ድራይቨር በፍላሽ ገልብጦ ይጫን። ድራይቨርን ከማይታወቅ ምንጭ መውሰድ ግን ቫይረስን በገዛ እጅ መጋበዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ድራይቨሩ ትክክል ሆኖ ምስሉ ካልተስተካከለ ገመዱን ይመልከት። ሞኒተር ማንነቱንና የሚስማማውን የነጥብ ብዛት ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቅበት ኢዲአይዲ የሚባል አጭር መረጃ አለው፤ መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው። በቪጂኤ ገመድ ካሉት 15 ፒኖች ይህን መረጃ የሚያመላልሱት 12ኛውና 15ኛው ናቸው። አንዱ ከተሰበረ ወይም ርካሽ ገመድ ሽቦውን ካስቀረው ምስሉ ይታያል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከማን ጋር እንደ ተገናኘ አያውቅም። 9ኛው ፒን ግን በብዙ ገመዶች ላይ ከመጀመሪያውም ስለማይኖር እርሱ ቢጎድል ገመዱን አትጣሉ።

ሞኒተር ስለ መግዛት የሚታሰበው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ጊዜም አስቀድሞ ሞኒተሩን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መሞከር ይገባል፤ ሙከራው ገንዘብ አያስወጣም።

ከዚህ ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ፊደሉ እንዲተልቅላቸው ብለው ሬዞሉሽኑን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል። ለዚህ የተሠራው «ስኬል» የሚለው ምርጫ ነው፤ 125 ወይም 150 በመቶ ሲደረግ ፊደሉ ጥራቱን ሳያጣ ያድጋል። ሌላው የፊደል ቅርጽ መለወጥ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ይመጣ የነበረው ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት በዊንዶውስ 10 ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚጫን ሆኗል። በኒያላ የተጻፈ ሰነድ በአዲሱ ስርዓት ላይ መልኩን ቢለውጥ ጉድለቱ የፎንት ነው፤ ሞኒተሩን መንካት አያሻም።

በቀየት ድራይቨሩን በፍላሽ አምጥተን ስንጭን ስክሪኑ አንድ ጊዜ ጨልሞ በራ፤ ማኅተሙም ክብ ሆነ። መምህሩ የስም ዝርዝሩን ከፍተው ጥቂት ካነበቡ በኋላ በደበዘዘው ስክሪን የመዘገቧቸውን አራት ስሞች አረሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ታዲያ ሞኒተሩን ለምን አስገዙን?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። አሮጌው ሞኒተር ዛሬም በቤተ መጻሕፍቱ ያገለግላል፤ በገንዘቡ ሊገዙ የነበሩት መጻሕፍት ግን በዚያ ዓመት አልተገዙም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ስላበቃ ብዙ ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ዳግመኛ ሊሻገሩ ነው። ለአንዳንድ አሮጌ ቺፖች አምራቹ አዲስ ድራይቨር ጨርሶ አላዘጋጀም፤ ይህን ከእድሳቱ በፊት ማወቅ ይሻላል። ስለዚህ ከመሻገራችሁ በፊት የቺፑን ስም ጻፉ፤ ድራይቨሩን በፍላሽ ያዙ፤ ሰነዶቻችሁን ገልብጡ፤ የፈተና ውጤት በሚመዘገብበት ሰሞንም ፈጽሞ አትሞክሩት። በነባሩ ላይ ታድሶ ካልተስማማችሁ ዊንዶውስ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው የመመለስ ዕድል ይሰጣል፤ የቀድሞው ስርዓት ፋይሎች ከተሰረዙ ግን መመለስ አይቻልም።

ከሩቅ ሆኖ ምክር ለሚጠየቅ ባለሙያ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ግዙ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ። «በዲስፕሌይ አዳፕተር ሥር ምን ተጽፏል?» የሚለውን አንድ ጥያቄ በስልክ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች መጻሕፍታቸውን ባገኙ ነበር።