የቡልቡላ ሰማይ፣ የሰንጋ ተራ ፎቅ

ቦሌ ቡልቡላ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው በአጥር ጉዳይ ከጎረቤቱ ጋር ሊከራከር ይችላል፤ ከአውሮፕላን ጋር ግን ክርክር የለም። ሰፈሩ ከቦሌ ኤርፖርት ማኮብኮቢያ በስተደቡብ የተዘረጋ ነው። ከ93 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የተከበቡ ጅምር ሕንፃዎች፣ ፌሮ የሚያጣምሙ ፌራዮዎች፣ አርማታ በባሬላ የሚያመላልሱ ወጣቶች ይታያሉ። ሥራው ጦፏል፤ ፎቁ ግን የሆነ ቦታ ላይ መቆም አለበት። ከላይ ለዐይን የማይታይ ጣሪያ አለና።

ጣሪያውን የሠራው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በተለምዶ ኢካኦ የሚባለው ነው። በ14ኛው አባሪው መሠረት በትልልቅ ኤርፖርቶች ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ጣሪያው ከኤርፖርቱ 45 ሜትር ከፍ ብሎ ይዘረጋል። ወደ ማኮብኮቢያው ጥግ ሲጠጉ ከዚያም ይወርዳል። ከ4 ኪሎ ሜትር ወዲያ ደግሞ እንደ ሣህን ከንፈር በየ20 ሜትሩ አንድ ሜትር እየጨመረ ይወጣል። ልኬቱ የሚነሣው ከባለይዞታው መሬት ሳይሆን ከኤርፖርቱ ከፍታ ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የሚሠራ አንድ ሁለት ፎቅ ይተርፈዋል፤ ጉብታ ላይ ያለው ይጎድልበታል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ላይ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ሲወጣም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ እዚህ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከቡልቡላ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲያዩ ግን ሌላ አዲስ አበባ ይታያል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209.15 ሜትር ይረዝማል፤ 200 ሜትር የሚደርሰውን የናይሮቢ ብሪታም ታወር አልፎ የምሥራቅ አፍሪካ ረጅሙ ሕንፃ ተብሏል። ንድፉ የጀርመኑ ሄን አርክቴክቶች ነው፤ ፊቶቹ እንደ ተጠረበ አልማዝ እየታጠፉ ይወጣሉ። ግንባታውን በፈረንጆቹ 2015 የጀመረው የቻይናው ሲኤስሲኢሲ ኩባንያ ሲሆን 303.5 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የመረቁት የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

ይኸው ኩባንያ ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ገንብቷል። የዚያ ቁመት 99.9 ሜትር ነው፤ የኅብረቱን መመሥረት ያወጀው የሲርት መግለጫ የወጣበትን 9/9/99ን እንዲያስታውስ ታስቦ። በአሥር ዓመት ውስጥ የከተማዋ ጫፍ ከእጥፍ በላይ ረዘመ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያስረዘመው አንድ እጅ ነው።

ክብር ሁሌ በቁመት አይለካም ነበር። ንግድ ባንክ ለአሥርት ዓመታት የሠራው ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት በ1950ዎቹ ዓ.ም. በነደፈው ክብ ሕንፃ ነው። ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ከብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ሆኖ ማንም ያውቀዋል። አዲሱ የወጣው ደግሞ በሰንጋ ተራ አካባቢ፣ ስሙን ከእርድ ከብት በወሰደ ሰፈር ነው። የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ዛሬ ንብ፣ ኅብረት እና ዘመን ባንኮች ጎን ለጎን ቆመውበታል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የሚያልፍ ሰው ግን መስተዋቱን እንጂ ነዋሪውን አያገኝም። የቡልቡላው ባለሱቅ በዚያ ሰዓት ገና በሩ ክፍት ነው።

መሬቱም የራሱ ቃል አለው። በ1953 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ካራ ቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትናጥ አዲስ አበባ ላይ የደነገጡት በተለይ ከላይኛው ፎቅ ያሉት ነበሩ። ከሩቅ የሚመጣ ንዝረት ቀርፋፋና ረጅም ማዕበል ስለሆነ ረጅም ሕንፃን አባብሎ ያወዛውዛል፤ ምድር ቤት ያለው ምንም ላያውቅ ይችላል። ረጅም ሕንፃን የሚያቆመው ሊፍቶቹን ያቀፈው የአርማታ እምብርት፣ በአግባቡ የታሰረ ፌሮና የማይተኛ ተቆጣጣሪ ነው። ይህ ጉዳይ የንግድ ባንኩን ረጅም ሕንፃ ብቻ ሳይሆን በባሕር ዛፍ መወጣጫ የሚወጣውን ባለ 7 ፎቅም ይመለከታል፤ እንዲያውም የውጭ አማካሪ የሌለው እርሱ ነው።

አሁን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ ኤርፖርት አቅዷል። በረራው ወደዚያ በዞረ ቁጥር የቡልቡላን ጣሪያ ከፍ አድርጉልን የሚል ግፊት መምጣቱ አይቀርም። መሬቱም ይወደዳል፤ ከማኅበር ቤቶቹ መሃል ባለ 30 ፎቅ የሚያልም አይጠፋም።

እስካሁን ቡልቡላን የጠበቃት አውሮፕላኑ ነው። ከእርሱ በኋላ ማን ይጠብቃታል? የከተማው ፕላን ባለሥልጣናት ምላሹን አሁኑኑ፣ መሬቱ ሳይሸጥና ነዋሪው ሳይነሣ በፊት በወረቀት ያስፍሩት፦ የት ስንት ፎቅ፣ ለማን፣ በየትኛው ውኃና መንገድ። ፎቅ ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ለሚቀጥለው ሰፈር ነው የሚደርሰው።