የእሽቅድምድም ሞተር ወይስ የጉዞ ሞተር?

ሞተር ቢስክሌት ለመግዛት ወደ መደብር የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው በሰዓት ስንት ኪሎሜትር እንደሚሄድ ነው። ሻጩም መልሱን ለመስጠት አይዘገይም። ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ግን ገዢው ዕለት ዕለት የሚኖረው ከመቀመጫውና ከመሪው ጋር ነው።

ለዚህ ነገር ከኢጣሊያ ፋብሪካዎች አንዱ መልካም ምሳሌ ትቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኮሞ ሐይቅ ዳር በማንዴሎ የሚገኘው ሞቶ ጉዚ፣ በ1950 ዓ.ም. ፋልኮኔ፣ ማለት ጭልፊት የተባለውን ሞተር አወጣ። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ሲሆን ወደ ፊት ተጋድሞ የተሠራ፣ ይዘቱም 500 ሳንቲሜትር ኩብ ያህል ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ይኸው ጭልፊት በሁለት ዓይነት ይሸጥ ጀመር፤ አንዱ ስፖርት፣ ሁለተኛው ቱሪዝሞ ተባለ። የስፖርቱ ኃይል 23 የፈረስ ጉልበት፣ የቱሪዝሞው 19 ያህል ነበር። ነገሩ የአራት ፈረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ክርክር ባላስፈለገም ነበር።

ዋናው ልዩነት በነጂው አቀማመጥ ላይ ነው። የስፖርቱ መሪ ዝቅ ያለና ጠባብ ስለሆነ ነጂው ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ነፋሱ በጀርባው ላይ ያልፋል፤ የሰውነቱም ክብደት በፊተኛው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ጎማው በመታጠፊያ ላይ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። በቱሪዝሞ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ወገቡና አንጓው ያርፋሉ፤ በፈጠነ ጊዜ ደግሞ ነፋሱን በደረቱ ስለሚቀበል ክንዱ ይዝላል። እንግዲህ የጉዞ ሞተር ሁልጊዜ ዕረፍት ነው ማለት አይቻልም።

ከአሥመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደውን መንገድ ለአብነት እናስብ። ርዝመቱ 115 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በነፋሲትና በጊንዳዕ አልፎ ባሕሩ ዳር ይደርሳል። በቁልቁለት ላይ ያጎነበሰ ነጂ ፍሬን በያዘ ቁጥር ክብደቱ ሁሉ በእጁ አንጓ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑም ያለማቋረጥ ቢያዝ ይግልና ይደክማል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲገታ ማድረግ ይገባል። በጠመዝማዛው ላይ ግን ስፖርቱ ይሻላል። ወጣቱን ስለ ምርጫው የሚነቅፉ አባቶች ይህን መዘንጋት የለባቸውም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያው ፋብሪካ ልዩነቱን ይበልጥ አሰፋው። ቪ7 ስፖርት ዝቅ ብሎ ለፍጥነት ተሠራ፤ ካሊፎርኒያ የተባለው ደግሞ ለአሜሪካ ፖሊሶች ከተሠራው ሞተር የተወለደ ስለሆነ ሰፊ መቀመጫ፣ የነፋስ መከላከያና እግር የሚዘረጋበት ሰሌዳ ነበረው። እንዲህ ያለው ሰሌዳ በረጅሙ ሜዳ ላይ ምቾት ነው፤ ሞተሩ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ሲያዘነብል ግን መሬት ይነካል።

ዕቃ ጭኖ ከገበያ ወደ ገበያ የሚሄድ ነጋዴ፣ ወይም ልብሱ ሳይጨማደድ ከጽሕፈት ቤት መድረስ ያለበት ሹም፣ የጉዞውን ቢመርጥ አይጸጸትም። ብቻውን ተራራ ለተራራ የሚመላለስ ግን ስፖርቱን ይውሰድ። የሚያመነታ ቢኖር ሞተሩን በቆመበት አስደግፎ መሪውን እንደ ያዘ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥበት። ሻጩ እንዲታገሥ አስቀድሞ መለመን ሳያስፈልግ አይቀርም።