ዋስ አለሽ?

(ድምፅ፦ የታክሲ ረዳት ጥሪ፤ «ጀሞ! ጀሞ! በመካኒሳ!»)

ተራኪ፦ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ። ኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ጎን፣ የአስቀጣሪ ደላላ ቢሮ አይጠፋም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ወንበሩ ላይ ነጠላ የተከናነቡ ልጆች ተደርድረዋል፤ ልብሳቸው እግራቸው ሥር በፌስታል። ጥያቄው አጭር ነው። ወጥ ትሠሪያለሽ? ዋስ አለሽ? ዕድሜሽስ? ዕድሜ ላይ ሲደረስ ሁሉም አሥራ ስምንት ናቸው፤ ደላላውም የነገሩትን ይጽፋል።

ለምን ከቤት ወጣሽ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

(ሙዚቃ፦ ዋሽንት፣ ቀስ ብሎ ይገባል)

ተራኪ፦ በብዙ የአማራ ገጠር ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ነገሩ በእልልታው ቢያበቃ ባልከፋ። ወንዱ የአባቱን ሞፈር ይይዛል፤ ስሙን ያስጠራል። እሷ ነገ ተድራ የሰው ቤት ናት። ለደብተር መግዣ ሲያጥር ቀድማ የምትቀረው እሷ፤ ውኃው፣ እንጨቱ፣ ሕፃን ማዘሉም የእሷ። ወላጆቿን በክፋት ብቻ መክሰስ ይከብዳል። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ገበሬ ጡረታ የለውም፤ ሲያረጁ የሚጦራቸው ወንድ ልጅ እንደሆነ ያምናሉ። ታዲያ ከከተማ ደሞዟን ቆጥባ የምትልከው ማን ሆና ተገኘች? እሷው! አንዳንዴም ገንዘቡ ለዚያው ለወንድሟ ትምህርት ይውላል።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 842፣ ልጆች ውርስን እኩል ይካፈላሉ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት በመሬትም በውርስም አጽንቷል። መንደሯ ውስጥ ግን ከወንድሟ ጋር ለመሬት የምትካሰስ እህት ነውረኛ ናት።

ያው የ1952ቱ ሕግ ጀሞ ድረስ ተከትሏት መጥቷል። አሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ ማደሪያዋ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋን እንዳይጎዳ አሠሪው እንዲጠነቀቅ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመቀጠሪያ ዕድሜን ከ15 ዓመት ሲያስጀምር፣ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። በአባቷም በእትዬም ቤት ስለ እሷ የተጻፈ ሕግ አለ፤ ያነበበላት የለም።

(ድምፅ፦ በር ይንኳኳል)

ተራኪ፦ እንዲህ ያሉ ልጆችን በየቤቱ እየዞረ የፈለገ ፕሮግራም ነበር። ፖፑሌሽን ካውንስል የደገፈው «ብሩህ ተስፋ» እ.ኤ.አ. በ2006 መርካቶ አካባቢ ጀመረ። ሴት አማካሪዎች በር እያንኳኩ፣ ከአሠሪዎች ጋር እየተደራደሩ ልጆቹን ወደ ቀበሌ አዳራሽ አወጧቸው፤ ፊደል፣ የጤና ትምህርት፣ ከሁሉም በላይ የእኩያ ጓደኛ አገኙ። ከባዱ ሥራ የማስተማሩ አልነበረም፤ አሠሪዋን ማሳመን ነበር። እትዬ ወጡን፣ ልብሱን፣ ሕፃኑን ይቆጥራሉ። አማካሪዋ የምትለምነው ልጅቷ በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንድትወጣ ነው፤ እምቢ ካሏትም ሌላ ቀን ተመልሳ ታንኳኳለች።